አንተ እና አንቱ

ትከሻዬ ላይ ኮከብ፣ አንድ፣ እንዳዲስ ሳንቲም፤
ጫማዬ ቆዳ ይሸታል፣ ገና መንገድ አልቀመሰም።
ሃያ አራት ከባድ መኪና፣ ሠላሳ ስምንት ወታደር፣
ከቦኩ ኮረብታ ግርጌ ተረከብኩኝ በቁጥር።

ሁሉም ነገር ተመዘገበ፤ ጎማ፣ ክሪክ፣ አካፋ፤
አንድ ሰው ብቻ ቀረ፣ መጠሪያው የጠፋ፦
ሃምሳ አለቃ ዋቅቶላ ጉደታ። ጢሙ ግማሽ ሽበት፣
እኔ ሳልወለድ መሪ የጨበጠ፣ በኦጋዴን ሙቀት።

ደንቡ «አንተ በል» ይላል፤ ማዕረግ ዕድሜ አይቆጥርም።
አባቴ ይህን ቢሰማ ግን ከቤቱ አያስገባኝም።
«አንቱ» ብል ሠልፉ ይስቃል፣
«አንተ» ብል አፌ ይደርቃል።
«መኪናው ይታጠብ»፣ «ዘይቱ ይለካ»፣ «በር ይዘጋ»፤
ሦስት ወር ሙሉ እንዲህ አዘዝኩት፣ ሰው እንደሌለ ከእኔ ጋ።

እሱ ግን (እሳቸው ልበል?) ገብቶት ኖሯል፤
አንድ ቀን እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «አለቃ» ብሎኛል፣
«በር ራሱን አይዘጋም።»

ሐምሌ ነው። ከበላይ ታዘዘ፦ «መኪና ከዓይን ይሰወር»።
ካርታዬን ዘርግቼ አየሁ፤ ከካምፑ በታች ደረቅ ቦረቦር።
«እዚህ ይደርደር» አልኩኝ፣ በእርሳሴ ክብ ሠርቼ፣
ከአካዳሚው እንደተማርኩት በማስመሪያ ለክቼ።
ዋቅቶላ ወደ ወንጂ ዞሮ ነፋሱን በአፍንጫው ሳበ፤
ከአርሲ በኩል ደመናው የተራራውን ጫፍ ከበበ።
በሠልፉ ፊት ግን ቃል የለም። «እሺ አለቃ» አለና
ሃያ አራቱንም ደረደረ፣ ያለ አንዲት ጠማማ ጎማ፣ ቀና።

ማታ፣ ሦስት ሰዓት ላይ፣ የድንኳኔን ሸራ ገለጠ።
ባትሪ በእጁ፤ ሳይፈቀድለት ሳጥን ላይ ተቀመጠ።
ያለ ኮፍያ ነው የመጣው። ኮፍያ ከሌለ ሰላምታ የለም፤
ሰላምታ ከሌለ ደግሞ፣ ያኔ ገባኝ፣ ኮከብም ለጊዜው የለም።

«ያ ቦረቦር» አለኝ፣ «ወንዝ ነው፤ ስሙን ረስቶ ነው እንጂ።
ላይ ሲዘንብ ያስታውሳል። እዚህ ጠብ ሳይል፣ ሳይደርስ ወንጂ።
ስድስት ክረምት አይቻለሁ። ተሳስቼም አውቃለሁ፤
ጎዴ መንገድ ላይ ‹አውቃለሁ› ብዬ ሁለት ልጅ ቀብሬአለሁ።
ስለዚህ እነግራለሁ እንጂ አላዝም።»

ኩራቴ ጉሮሮዬ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ቆመ፤
ካርታው ላይ የሠራሁት ክብ እንደ አፍ አጉረመረመ።
«ምን ይደረግ?» አልኩ በመጨረሻ፣ አሁንም በተገብሮ!
ሳቀ፤ ሳቁን ያን ጊዜ አየሁት፣ ከሳል ጋር ተሰባብሮ።
«እኔ እዚህ አልመጣሁም፤ ተኝቼ ነበር።»

አምስት ሰዓት ላይ ፊሽካ ነፋሁ፤ «መኪና ሁሉ ወደ ላይ!»
ዋቅቶላ ዓይኑን እያሸ ወጣ፣ ካልሲ የለው፣ የተኛ መሳይ።

ሲነጋ ቦረቦሩ ስሙን አስታውሶ ያገሳል፤
የሰው በር፣ ቆርቆሮ፣ አንድ ፍየል ተሸክሞ ይገሰግሳል።

የምስጋና ደብዳቤ መጣ፦ «በአርቆ አስተዋይ አመራር…»
በስሜ። በማኅተም። ሲነበብ እሱ አጨበጨበ ከዳር።
ያንን ጭብጨባ እስካሁን እሰማዋለሁ።

ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ ሻለቃ ሆኜ፣ በሲቪል ልብስ፣
ፍራንኮ ጋ አንድ የዱቄት መጋዘን በር ላይ ስደርስ፣
ጥበቃው መስተዋት በዱላ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ ያያል፤
«ካርተሩ» አለ ቀና ሳይል፣ «ያንጠባጥባል።»

ድምፁን አወቅሁ። ወረድኩ። እጄ ሳላዘው ግንባሬን ነካ፤
ቀድሜ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ጣቴ ይንቀጠቀጣል ለካ።
«አንቱ…» አልኩኝ።

ከእግሬ እስከ ፀጉሬ አዩኝ፣ እንደ ድሮው የሠልፍ ቁጥጥር፤
ትከሻዬን በመዳፋቸው ጠረጉ፣ የዱቄት ብናኝ ሲበር።
«ያለ ኮፍያ ሰላምታ?» አሉኝ። «ረሳኸው እንዴ፣ አንተ?»
ብለውም፣ በር ራሱን አይከፍትምና፣ ሄደው ከፈቱ።